ባሊ ላይ ማሳጅ የት ይሻላል? ፀጥታ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊ ሄዶ ማሳጅ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ መምረጡ ነው። ኡቡድ ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ትንሽ ስትራመዱ የዋጋ ዝርዝር የያዘች ልጅ ብቅ ትልና "ማሳጅ?" ትላችኋለች። እሷን አልፋችሁ ስትሄዱ ሌላዋ ከፊት ትጠብቃችኋለች። የ120,000 ሩፒያ (የአገሩ ገንዘብ ነው) አለ። የ1,500,000 ሩፒያም አለ። ሁለቱም ዝርዝራቸው ላይ "የባሊ ባህላዊ ማሳጅ" ብለው ጽፈዋል። 1 ዶላር ከ16,000 ሩፒያ በላይ ስለሚመነዘር የዜሮው ብዛት አያስደንግጣችሁ።

ይህን የምጽፈው ፀጥ ባለ ቦታ ተኝቶ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ለአንድ ሰዓት ማንም እንዳይደርስበት ለሚፈልግ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዋጋው ሲጨምር ፎጣው ይወፍራል፣ አበባው ይበዛል፣ የሻይ ኩባያውም ያምራል። እጁ ግን የግድ አይሻልም። ፀጥታውም ቢሆን ከዋጋው ይልቅ ቦታውንና ሰዓቱን ነው የሚከተለው።

ማሳጁ ራሱ ምን ይመስላል?

የባሊ ማሳጅ የዘይት ማሳጅ ነው። ልብስ አውልቃችሁ፣ ሳሮንግ በሚሉት ሽርጥ ተሸፍናችሁ፣ በሆዳችሁ ትተኛላችሁ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ከጨርቁ በላይ በመዳፏ ከእግር እስከ ትከሻ ትጫናለች። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ አበባ ወይም ቅመም የገባበት የኮኮናት ዘይት ነው። ረጅም ማሸት አለ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በአውራ ጣት እየተጫኑ መውረድ አለ። ቆዳን በጣት ያዝ አድርጎ እያንከባለሉ ማንሳት አለ፤ ይቺ ለጀማሪ ትንሽ ታስገርማለች። የትከሻ ቋጠሮ ሲገኝ እንደ ሊጥ ይታሻል። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ነጥብ እየፈለጉ የሚጫኑበት የቻይና ልምድና የደሴቲቱ የራሷ ባህል የተቀላቀሉበት ነው።

ከታይ ማሳጅ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ታይ ላይ ዘይት የለም። ልብስ እንደለበሳችሁ ፍራሽ ላይ ትተኛላችሁ፣ እጅና እግራችሁ ይሳባል፣ ይታጠፋል። የስዊድን የሚባለው ዘይት አለው፤ ጫናው ግን ቀለል ይላል። የባሊው መሃል ላይ ነው። ሰውን ያስተኛል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጠንከር ይላል። ዘይት ሲነካው የሚቀፈው ሰው ታይ ይሻለዋል። በወጌሻ እጅ ያለፈ ሰው ደግሞ "ይሄ ምኑ ማሳጅ ነው?" ሊል ይችላል። እሱም ቢሆን መፍትሔ አለው፤ መናገር ነው። "ለቢህ ኩዋት" ካላችሁ ጠንከር ታደርገዋለች። "ፔላን ፔላን" ቀስ በይ ነው፣ "ሳኪት" ደግሞ ያማል። የባሊ ባለሙያ ከእንግዳ ጋር ክርክር አትወድም። ካልተናገራችሁ በጀመረችው ጫና ትጨርሳለች፣ እናንተም ጥርሳችሁን ነክሳችሁ ትወጣላችሁ።

የመንገድ ዳር ማሳጅ ቤት

ለአንድ ሰዓት ከ100,000 እስከ 200,000 ሩፒያ ያስከፍላል። ኩታ፣ ሌጊያንና ሴሚንያክ በሚባሉት የባህር ዳር ሰፈሮች፣ ኡቡድ መሃል ከተማም ሞልቷል። አልጋዎቹ በመጋረጃ ብቻ ይለያያሉ። የጎረቤታችሁ ስልክ ይጮኻል፣ ባለሙያዎቹ በመጋረጃው በኩል ያወራሉ፣ ውጭ ሞተር ሳይክል ያልፋል። ፀጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ እዚህ አትግቡ።

ለእግር ማሳጅ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። ቀኑን ሙሉ ቤተ መቅደስና ገበያ ስትዞሩ ውላችሁ፣ ወንበር ላይ ተደላድላችሁ መንገዱን እያያችሁ እግራችሁን መታሸት ደስ ይላል። እጃቸውም ቢሆን አይናቅም፤ ከውድ ስፓ ሴት የሚበልጥ አውራ ጣት እዚህ ታገኛላችሁ። ብቻ ከምሽት ይልቅ ጠዋት ሂዱ። ብዙ ቦታ ክፍያቸው በእንግዳ ቁጥር ስለሆነ፣ ማታ የምታገኟት ሴት ስንት ጀርባ አሽታ እንደዋለች አስቡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መስታወቱ የጠቆረ፣ የዋጋ ዝርዝሩ ውጭ ያልተለጠፈ፣ በር ላይ ያለው ሰው ለወንድ ብቻ ጥቅሻ የሚያበዛ ቤት ሌላ ሥራ ያለው ቤት ነው። አልፋችሁ ሂዱ።

ባህር ዳር

ሳኑር ላይ ከባህሩ ዳር ባለው የእግር መንገድ ዳስ ሠርተው የሚያሹ ሴቶች አሉ። ሳኑር ከኩታ ይልቅ ረጋ ያለ ሰፈር ነው፣ ማዕበሉም ቀለል ያለ ነው። ጠዋት በጊዜ ከሄዳችሁ የባህሩ ድምፅ ብቻውን ይበቃል። ጉዳቱ ግልጽ ነው። ሰው ያያችኋል፣ አሸዋ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፣ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ደግሞ መታሸት የለበትም። ዋጋውን ከመተኛታችሁ በፊት ተስማሙ። ተኝቶ የሚከራከር የለም።

የሰፈር ስፓ

ከ200,000 እስከ 400,000 ሩፒያ ለአንድ ሰዓት። ብዙውን ሰው የምልከው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኡቡድን መሃል ከተማውን አይታችሁ "ጫጫታ ነው" ብላችሁ አትተዉት። ከዋናው መንገድ ወጣ ስትሉ ነገሩ ይለወጣል። ፔነስታናን የሚባለው ሰፈር ደረጃ ወጥታችሁ የምትደርሱበት፣ መኪና የማይገባባቸው ቀጫጭን መንገዶች ያሉት ነው። ኒዩ ኩኒንግ ደግሞ ቱሪስት ከሚጎበኘው የኡቡድ የዝንጀሮ ጫካ በስተደቡብ ያለ መንደር ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ብዙ ስፓ የቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከፊት የቤተሰቡ መቅደስ፣ ከኋላ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል።

አገባቡ እንዲህ ነው። ደረጃው ላይ ከኮኮናት ቅጠል የተሠራች ትንሽ ሳህን ተቀምጣለች። ውስጧ አበባ፣ ጥቂት ሩዝ፣ አንዳንዴ ብስኩት፣ ከላይ የሚጨስ ዕጣን። ይህ የዕለት መባ ነው፤ እንዳትረግጡት። ጫማችሁን በር ላይ ታወልቃላችሁ። ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ የድንጋይ ገንዳ ይቀርባል። ውሃው ላይ የተቆራረጠ ሎሚና ፍራንጂፓኒ አበባ ይንሳፈፋል። ባለሙያዋ ተንበርክካ እግራችሁን በጨው ታሻለች፣ በፎጣ ታደርቃለች። ከዚያ ሦስት አራት ጠርሙስ ዘይት አምጥታ ታሸትታችኋለች፣ የወደዳችሁትን ትመርጣላችሁ። ሲያልቅ የዝንጅብል ሻይ ይመጣል። ለእግር መታጠቡ ብቻ ቢከፈል የማያስቆጭ ነው።

በቦታ ማስያዣ ዋትስአፕ ላይ ልትጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ክፍሉ በር አለው ወይስ መጋረጃ? ወደ መንገድ ነው የሚዞረው ወይስ ወደ ጓሮ? ኤሲ ነው ወይስ ቬንትሌተር? (ዘይት የተቀባ ሰው ኤሲ ስር ይበርደዋል፤ እኔ ቬንትሌተሩን እመርጣለሁ።) ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገባችሁ ግንባታ አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ባሊ ላይ የማይገነባ ቦታ የለም። በፎቶ ላይ የሩዝ ማሳ የሚታየው መስኮት ዛሬ የሲሚንቶ ማቡኪያ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ሪቪው ስታነቡ ከኮከቡ ይልቅ ቀኑን እዩ። ባለፉት ሁለት ወራት የገባ ሰው "ድምፅ አለ" ካለ እመኑት።

አውራ ዶሮ ግን የትም አለ፣ ከዝናብ በኋላም እንቁራሪት ትንጫጫለች። ይህን እንደ ጫጫታ የምትቆጥሩ ከሆነ ባሊ አይደለም የሚሻላችሁ።

የእጅ ጥራትን በተመለከተ አትስጉ። የባሊ ልጆች ማሳጅ ተምረው ወደ ውጭ ሆቴሎችና የመዝናኛ መርከቦች ለሥራ መሄዳቸው የተለመደ ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ሆቴል ውስጥ የባሊ ማሳጅ ብላችሁ በብዙ ድርሃም ወይም ሪያል የከፈላችሁባት ዓይነት ባለሙያ፣ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትመለስ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ልትሠራ ትችላለች።

የትልልቅ ሆቴሎች ስፓ

ከኡቡድ ወጣ ብሎ የአዩንግ ወንዝ ሸለቆ አለ። ገደሉ ላይ የተሠሩ ትልልቅ ሆቴሎች ስፓቸውን ወደ ወንዙ አውርደው ነው የሠሩት። እንግዳ ሳትሆኑም መግባት የሚቻልባቸው አሉ፤ ቀድማችሁ ጻፉላቸው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ1,000,000 ሩፒያ ይነሳል። የወንዝ ድምፅ አለ፣ የሣር ክዳን አለ፣ ለባልና ሚስት የሚሆን ሰፊ ክፍል አለ። ዝናብ በሣር ጣሪያ ላይ ሲወርድ ተኝቶ መታሸትን የሚያህል ነገር እኔ አላውቅም። ለጫጉላ ሽርሽር የሄደ ሰው አንድ ጊዜ ቢያወጣበት አይቆጭም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛው ከዋጋው ጎን የምታዩዋት ድርብ የመደመር ምልክት (++) ናት። ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ብዙ ሆቴል 21 በመቶ ይጨምራል። 1,000,000 ያላችሁት ደረሰኙ ላይ 1,210,000 ይሆናል።

ሁለተኛው ደቂቃ ነው። "የሦስት ሰዓት ሥነ ሥርዓት" ይላል ዝርዝሩ። ውስጡን ስታዩ እግር መታጠብ፣ ቆዳ መፈተግ፣ የአበባ ገንዳ፣ ሻይ፣ ከዚያ 60 ደቂቃ ማሳጅ። ማሳጁን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የሰፈር ስፓው በሲሶ ዋጋ 90 ደቂቃ ያሻችኋል። ጥቅሉን ከመግዛታችሁ በፊት "ከዚህ ውስጥ እጅ ሰውነቴ ላይ የሚሆነው ስንት ደቂቃ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ታክስ ካነሳን አይቀር፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢንዶኔዥያ ስፓን ከምሽት ክበብና ከካራኦኬ ቤት ጋር ደምራ ከ40 እስከ 75 በመቶ የሚደርስ የመዝናኛ ግብር ውስጥ ከተተችው። የባሊ ስፓ ባለቤቶች "እኛ ጤና እንጂ ጭፈራ አንሸጥም" ብለው ጮኹ፣ ጉዳዩም ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 2025 ፍርድ ቤቱ ስፓ የባህላዊ ጤና አገልግሎት አካል ነው ብሎ ወሰነ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የቆየ ጽሑፍ አንብባችሁ "40 በመቶ ሊጨምሩብኝ ነው" ብላችሁ እንዳትፈሩ ነው ይህን የማነሳው።

ቤት ድረስ ማስመጣት

ቪላ የተከራየ ቤተሰብ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ባለሙያዋ ትመጣለች፤ ስትጨርሱ ታክሲ ፍለጋ የለም፣ ወደ አልጋ ብቻ። ዋጋው ከሰፈር ስፓ ጋር ይቀራረባል፣ የመጓጓዣ ሊጨመርበት ይችላል። ጎጄክ በሚባለው የኢንዶኔዥያ የታክሲና የአገልግሎት ማዘዣ መተግበሪያ ማሳጅ ማዘዝ ይቻላል የሚል ምክር ካጋጠማችሁ ጊዜው ያለፈበት ነው። ያ አገልግሎት በ2020 ተዘግቷል። አሁን የሚሠራው በዋትስአፕ ወይም በቪላው አስተዳዳሪ በኩል ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በአስተዳዳሪው በኩል ብታስመጣና ሴት ባለሙያ ብላ ለይታ ብትጠይቅ ይሻላል።

የሆቴል አልጋ ለማሳጅ አይሆንም። ይሰምጣል፣ ጫናው ፍራሹ ውስጥ ይቀራል። ፍራሹን ወለል ላይ አውርዱት ወይም የሚታጠፍ አልጋ ይዛ ትመጣ እንደሆነ ጠይቁ።

ቤት የምትመጣው ሴት ጠና ያለች ከሆነች "ኬሮካን" ላድርግላችሁ ልትል ትችላለች። ከጃቫ የመጣ ልማድ ነው። ጀርባ በዘይት ይቀባና በሳንቲም ጠርዝ ይፋቃል። ኢንዶኔዥያውያን "ነፋስ ገባበት" የሚሉት ሕመም አላቸው፣ እኛ ብርድ መታኝ እንደምንለው ያለ ነው፤ ኬሮካን የሚደረገው ለዚያ ነው። ቀያይ መስመር ጀርባ ላይ ለቀናት ይተዋል። ነገ ባህር ዳር ፎቶ የምትነሱ ከሆነ አመስግናችሁ እለፉት።

ባሊያን ጋ መሄድ

ባሊያን የባሊ ባህላዊ ሐኪም ነው። አንዳንዱ ኡሳዳ ከሚባሉት፣ በዘንባባ ቅጠል ላይ ከተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት ይሠራል። አንዳንዱ አጥንትና ጅማት ያሻል። ከስፓ ጋር ማወዳደር ራሱ ልክ አይደለም። ዘና ለማለት የሚኬድበት ቦታ አይደለም፣ ሊያምም ይችላል። ለብሳችሁ የምትሄዱት ሳሮንግና የወገብ መቀነት ነው፣ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከመባ ጋር የሚቀርብ ስጦታ ነው። ፈረንጅ የሚሰለፍባቸው፣ ዋጋ የተለጠፈባቸው ባሊያኖችም አሉ። እውነተኛ የጀርባ ሕመም ካለባችሁና የሚያውቅ የአገሩ ሰው ከወሰዳችሁ ሂዱ። ጉድ ለማየት ብቻ ከሆነ የሌላ ሕመምተኛ ተራ አትያዙ።

ተጨማሪ ይሁን ወይስ ይቅር?

ቦሬህ ይሁን። ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና የሩዝ ዱቄት ያለበት፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሊጥ መሰል ቅባት ነው። የሩዝ ገበሬዎች በማሳው ውሃ ውስጥ ሲውሉ የሚቀዘቅዝ አካላቸውን የሚያሞቁበት ነበር። ያቃጥላል፣ በእውነት ያቃጥላል፤ ደጋ ወጥታችሁ ለበረዳችሁ ቀን ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡርና ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው አይቀባው። ሉሉር ከጃቫ ቤተ መንግሥቶች የመጣ የሙሽራ መዋቢያ ነው፣ እርድና ሩዝ ነው ዋናው፤ ቆዳ ያለሰልሳል። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ አትሂዱ። የአበባ ገንዳው ለፎቶ ነው።

መቼ?

ቀጠሮ ስታስይዙ ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። 10 ሰዓት ካሏችሁ የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የምመክረውም እሱን ነው፦ ባለሙያዋ ትኩስ ናት፣ ክፍሉ ገና ንጹሕ ነው፣ ጎረቤት አልጋ ባዶ ነው። ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከባህርና ከጉብኝት የተመለሰው ሁሉ የሚጎርፍበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ እንዲሁም የፈረንጅ ገና ሰሞን ሁሉም ቦታ ይሞላል። ቁርስ ወይም ምሳ በልታችሁ ወዲያው በሆዳችሁ አትተኙ።

ጋሉንጋን የሚባለው በዓል በ210 ቀን አንዴ ይመጣል። ሠራተኛው ወደ መንደሩ ስለሚሄድ ትንንሽ ስፓዎች ይዘጋሉ ወይም በግማሽ ሰው ይሠራሉ። በመጋቢት አካባቢ የሚውለው ኒየፒ ደግሞ ሌላ ነው። ለ24 ሰዓት ደሴቲቱ በሙሉ ዝም ትላለች። አውሮፕላን ማረፊያው ይዘጋል፣ ከግቢ መውጣት ክልክል ነው፣ ማታ መብራት አይበራም። የውጭ ስፓ አይታሰብም። በዚያ ቀን ስፓ ያለው ሆቴል ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ግን ለእንግዶቻቸው ይሠሩ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሞተር ሳይክል የማይሰማበት የባሊ ማሳጅ በዓመት አንድ ቀን ነው የሚገኘው።

መታሸት የሌለበት ሰው

ከአዲስ አበባ ባሊ መንገዱ ረጅም ነው፣ መሸጋገሪያም አለው። ደርሳችሁ አንድ እግራችሁ ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ካመመና ከሞቀ ማሳጅ አታድርጉ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ማሸት ደግሞ አደጋ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይተኛ። ነፍሰ ጡር ቀድማ ትናገር፤ ለእርጉዝ የተለየ ማሳጅ ያላቸው ስፓዎች አሉ። አንገት አሽከርክሮ ድንገት ማስጮህ የሚሞክር ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት።

ማፈር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ደግሞ፣ የሚጣል የውስጥ ሱሪ ይሰጣችኋል፣ የራሳችሁን ብትለብሱም ቅር አይላቸውም። የምትታሸው ክፍል ብቻ ነው የሚገለጠው። ሆዴንና ደረቴን ተዪው ማለት ይቻላል።

ቲፑን በተመለከተ፣ ግዴታ አይደለም። ከወደዳችሁ ከ20,000 እስከ 50,000 ሩፒያ፣ ካሸሩ ጋ ሳይሆን በእጇ። ኤቲኤሙ የሚያወጣው ባለ 50,000ና ባለ 100,000 ኖት ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሱቅ ውሃ ገዝታችሁ ዘርዝሩ።